ቅኝት የሌለው ለቅሶ

«በወንድሟ ለቅሶ ቫዮሊን የመታችው እኮ ይቺ ናት።»

ሰማሁ። ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ባለፈው ሰሞን የጋሼ ይልማ ለቅሶ ላይ፣ እዚሁ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ምስር ወጤን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስበላ፣ ከኋላዬ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ናት ለጓደኛዋ ሹክ ያለቻት። ሹክ ማለቷ ነው እንግዲህ፤ ፒኮ ጎዳና ድረስ ይሰማል። ጓደኛዋም «በማርያም! እሷ ናት?» አለች። ዞር ብዬ አየኋቸው። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ሁለቱም አልተወለዱም። «አዎ፣ እኔው ነኝ» አልኳቸው። «ዛሬም ቢሆን እመታዋለሁ። እንጀራ ይጨመርላችሁ?» አንዷን ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ቀረባት፣ ሌላዋ ስልኳን ማየት ጀመረች።

እንግዲህ ወሬው ያለ እኔ ይህን ያህል ዓመት ከኖረ፣ እኔ እንደሆነው አድርጌ ባወራው ማን ይቆጣል? ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፣ ጊዜውን አላባክንበት።

ያኔ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ነገር የለም። ስሙም ሰሌዳውም በኋላ የመጣ ነው። ፌርፋክስ የሽማግሌዎች ጎዳና ነበር። ወደ ላይ ከፍ ሲሉ በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ አዛውንቶች በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመው ሲነታረኩ ይውላሉ። ወደ እኛ ወረድ ሲሉ ደግሞ ምንጣፍ መሸጫ፣ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ የተዘጋ ጫማ ቤት። እትዬ ጥሩነሽ ያንን የተዘጋ ጫማ ቤት ተከራይተው ነው ምግብ ቤት የከፈቱት፤ እስከ ስንት ጊዜ ድረስ ግድግዳው የጫማ ቀለም ይሸት ነበር፣ በርበሬው ነው ያሸነፈው። አምስት ዶላር የያዘ ሰው ጠግቦ ይወጣል፣ ሻይ ተጨምሮበት። ዛሬ በአምስት ዶላር መኪና ፓርክ ማድረግም አይቻልም። ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ የታጨቀበት ጃኬት እየለበስን በሩን በጎን ነበር የምናልፈው። ወንዶቹ ፀጉራቸውን በቅባት አቅልጠው ይመጡና የወንበሩ መደገፊያ ላይ ምልክታቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ እትዬ ጥሩነሽ በማግስቱ በሳሙና እየፈተጉ «አሁን ይሄ ራስ ነው ወይስ ድስት?» ይላሉ። እኔ ቀን ቀን ሆሊውድ አንድ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ እዚያ ምግብ ቤት ቫዮሊን እጫወታለሁ። ቫዮሊን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። ሀዋ የምትባል የደሴ ልጅ የቫዮሊን ሳጥን አንጠልጥላ ስታልፍ ያኔ ሰው ቆሞ ያይ ነበር።

ከእኔ የሚፈለገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትዝታ። ሌላ ነገር ስጀምር «ኧረ ሀዋ፣ ትዝታ በዪልን!» ይባላል። ትዝታ ስል ዶላር ግንባሬ ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ይተክዛል። ጋሼ ይልማ፣ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ የፓርኪንግ ሠራተኛ የሆኑ ሰው፣ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ። እትዬ ጥሩነሽ ግን ትዝታ ሲጀመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ያጥባሉ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጃቸው ብርሃኑ በዚያ በክፉው ዘመን አንድ ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያላቸው የለም፣ አለ ያላቸውም የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡለትም። ስሙ ከተነሳ «ይመጣል» ይላሉ፣ በዚያው ወሬው ይቀየራል።

እኔን ግን ትዝታ አንገሽግሾኝ ነበር። የወሎ ልጅ እንዲህ ስትል እንደሚያስቀይም አላጣሁትም፤ ባቲና አምባሰል ለሌላው ሰው ቅኝት ናቸው፣ ለእኔ የአክስቶቼ አገር። ቢሆንም አንገሽግሾኛል። ትዝታ ምንድን ነው? አምስት ድምፅ ነው። ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ያለቃቅሳል፣ በመጨረሻ ከተነሳበት ድምፅ ተመልሶ ያርፋል። ቤቱ ይገባል። እኛ መቼ ቤታችን ገባን? ማታ በአምስት ድምፅ ቤታችን ገብተን እናለቅሳለን፣ ጠዋት ፒኮ ላይ አውቶቡስ እንጠብቃለን። እየዋሸሁ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው አለቀ፣ ያ ሁሉ ሰው ተበተነ፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «አይዞን፣ ዞረን ቤታችን እንገባለን» የሚል ዜማ እየሸጥኩ። ዛሬም ይሄን ስናገር ይቆጡኛል፣ አልመለስም።

ኦርኬስትራውን ያገኘሁት በማስታወቂያ ነው፣ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጥፎ። ጡረታ የወጡ ሐኪሞች፣ አስተማሪዎች፣ ሥራ የቀዘቀዘባቸው የፊልም ሙዚቀኞች በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰቡበት ነው፣ ገንዘብ የለውም። መሪያችን ሚስተር ዛልማን ይባላል። ካፖርት ከሚለብሱት አዛውንቶች አንዱ ነው፤ ልጅ ሆኖ ከአውሮፓ ብቻውን ነው የወጣው፣ የቀሩት ቤተሰቦቹ አልወጡም። ያን ጊዜ ያዘጋጀው ሙዚቃ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቀደም ብሎ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፉ አጫጭር ቁራጮች ነበሩ። የሠራቸውን ሰው ስም አልነግራችሁም። ስም ከጠራሁ ወይ ትሸማቀቃላችሁ ወይ ትሸሻላችሁ፤ ጆሯችሁን ብቻ ይዛችሁ ቅሩልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ስንሞክረው ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ መሰለኝ። ጣቴን ባስቀመጥኩበት ሁሉ የማይሆን ድምፅ ይወጣል። እጄን አወጣሁ። «ሚስተር ዛልማን፣ የዚህ ሙዚቃ ቅኝቱ ምንድን ነው?» ቅኝት የሚለውን በእንግሊዝኛ ማለት አቅቶኝ እንዳለ በአማርኛ ነው ያልኩት።

«ቅኝት ምንድን ነው?»

«ቤቱ ነዋ! ዜማው ሄዶ ሄዶ የሚገባበት ቤት።»

የሚመራበትን በትር አስቀመጠ። «ይሄ ቤት የለውም» አለኝ። «አስራ ሁለቱም ድምፆች እኩል ናቸው። አለቃ የለም።»

«እኔ ሁሉም እኩል ነው ከተባለበት አገር ነው የመጣሁት» አልኩት። «ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «እንግዲያው አንቺ ትችይዋለሽ» አለኝና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ቻልኩት፣ ግን ላቤ ጠብ ብሎ ነው። እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዜማው የአንድ ሰው አይደለም። ፍሉቱ አንድ ድምፅ ያወጣል፣ ገና ሳይጨርሰው ሃርፑ፣ ያ ትልቁ የፈረንጅ በገና፣ ይነጥቀዋል፣ ከሃርፑ ደግሞ አፉን የታፈነ መለከት ይወስደዋል፤ እኛ አገር ለቅሶ ላይ አንዷ ያነሳችውን ሌላዋ እንደምትቀበላት። አንዴ ያለውን አይደግምም፣ ስለዚህ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከታች ከሆድ ይነሳና መሀሉን ሳይረግጥ አናት ላይ ይወጣል። እኛ ቫዮሊኖቹ ደጋኑን ክሮቹ ወደሚያርፉባት እንጨት አስጠግተን ስንስበው ጥርስ የሚያፋጭ ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ሰውነትን ውርር ያደርጋል። ትሮምቦኖቹ፣ እነዚያ ረጃጅሞቹ መለከቶች፣ ምላሳቸውን እያርገበገቡ ያጉረመርማሉ። ትንፋሽ የማታህል ድምፅ ይዛችሁ በቀስታ ስትሄዱ ድንገት ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ይጮሃል፣ አንድም ሰው ከሌላው ጋር ሳይስማማ፤ ጩኸቱም ቀስ ብሎ አይበርድም፣ እንደ ክር ይበጠሳል። ከዚያ ዝም። ዝምታው ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ እየቆጠራችሁ ነው ዝም የምትሉት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ አያርፍም፣ ይቆማል። አለቀ ሲሉት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስላል። አንዳንዱ ይሄን ረብሻ ይለዋል። ይበል! እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ የማይሸነግለኝ ሙዚቃ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ወደድኩት።

ጎረቤት ግን አልወደደውም። ሚድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከፒኮ ገባ ብሎ ያለው አፓርታማችን ግድግዳው ስስ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ደግሞ አበሻ ነው። ቫዮሊኑን ባነሳሁ ቁጥር ከታች እትዬ ጥሩነሽ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ጋሼ ይልማ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «ሀዋ፣ ያቺን ድመት መቼ ነው የምትለቂያት?» ይሉኛል። «ኮንሰርቱ ሲያልቅ ነው ጋሼ፣ እሁድ ይምጡና ይስሟት» እላቸዋለሁ። «ምነው፣ ጠላትሽ ይስማት!»

ኮንሰርቱ ሊደርስ ሲል በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ከልምምድ የቀዳሁትን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከትቼ አብሬው ልጫወት አልኩ። የራሴን ቫዮሊን እንዳይሸፍነው ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያ ትልቁ ጩኸት ደረሰ። ተበጠሰ። ዝምታውን ስቆጥር በሬ ተንኳኳ፣ መንኳኳትም አይደል፣ ሊሰበር ነው።

ስከፍተው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። የሌሊት ልብሳቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ባዶ እግራቸውን። ከኋላቸው ጋሼ ይልማ፣ ከእሳቸው ኋላ ከሦስተኛ ፎቅ የመጡ ሴቶች። እትዬ ጥሩነሽ ደረታቸውን እየመቱ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «ወይኔ እንድሪስን! ወይ ልጅነት! ወይ እንድሪስዬን!»

እንድሪስ ወንድሜ ነው። ታናሼ። ከኮምቦልቻ አሰብ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ፎቶ ላከልኝ ስለው የመኪናውን ፎቶ የሚልክልኝ።

«እንድሪስ ምን ሆነ?» አልኩ።

ጋሼ ይልማ «ማነው የነገረሽ?» አሉኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ነበር እኮ የተባባልነው…» ከዚያ ፊቴን አዩ። ቫዮሊኑን አዩ። ቴፑን አዩ። ማንም እንዳልነገረኝ ያኔ ገባቸው።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በማለዳ እሪታ የተሰማበት ቤት ምን እንደደረሰበት ማንም ቆሞ አይጠይቅም፣ ነጠላውን ይዞ ይሮጣል። እነሱም የሮጡት አንዱ ከእኛ ቀድሞ ነገራት ብለው ነው። መኪናው ተገልብጦ እንደሞተ ጋሼ ይልማ በስልክ ሰምተዋል፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲያርፍ ተሰብስበን እንንገራት ብለው ቀን ቆርጠዋል። ወጉ ነው፣ ብቻዬን እንዳልሰማው ብለው ነው። እስከዚያው ፊቴ ላይ እየሳቁ ምሳ ያበሉኝ ነበር። ቴፑ ግን አልቆመም፤ ከዝምታው ወጥቶ ያንን ቀጭኑን፣ ጥርስ የሚያፋጨውን ቦታ ይጫወታል። ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ ይሄን ነገር አጥፉት» ብላ እጇን ስትዘረጋ «እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ። እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም ቆመን ሰማነው። ከዚያ ወደቅሁ፣ አነሱኝ፣ አለቀስኩ።

ወንበሩ ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። የወሎ ሰዎች መጥተው ዱዓ አደረጉ። ክርስቲያኖቹ ድስት ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። እትዬ ጥሩነሽ ምግብ ቤታቸውን ትተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ይሄን ሁሉ ያደረጉልኝን ሰዎች ነው እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት «ነገ ወደ ኮንሰርቴ እሄዳለሁ» ያልኳቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ያልሰሙ መስለው «ምን?» አሉ።

«እሄዳለሁ።»

«አብደሻል? የወንድምሽ አፈር ሳይደርቅ? ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም፣ እትዬ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ጋሼ ይልማ ሊያስታርቁ ገቡ። «ሀዋዬ፣ ትዝታ እንኳ ቢሆን እሺ፣ ለእሱ ታንጎራጉሪለታለሽ፣ ሰውም ይረዳሻል። ይሄ ግን ቅኝት የሌለው ጩኸት ነው እኮ። ለሐዘን ይሆናል?»

ከፍራሹ ተነሳሁ። «ጋሼ ይልማ፣ ሐሙስ ዕለት ምን ሰምተው ነው የመጡት? ትዝታ ሰምተው ነው? ስንት ቅዳሜ ትዝታ ተጫወትኩ፣ ማን ነጠላ አዘቅዝቆ መጣ? ያንን ጩኸት ሰምታችሁ ነው በባዶ እግራችሁ የሮጣችሁት። ለቅሶ ነው ብላችሁ ነው! ደግሞም ነበር። እናንተ ደበቃችሁኝ፣ የነገረኝ ይሄ ሙዚቃ ነው። ነገ ትቼው ልቀር?»

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አነሱ። «ከሄድሽ እኔ ጥሩነሽ እዚህ ቤት አልረግጥም» ብለው ወጡ። ሴቶቹም ተከተሏቸው። እነዚያን ሰዎች አጣሁ ማለት በዚህ ከተማ ማንም የለኝም ማለት ነበር፣ አሳምሬ አውቄዋለሁ። እያወቅሁም ልብሴን ተኮስኩ።

እሁድ በአውቶቡስ ብቻዬን ሄድኩ። ለኮንሰርትም ለሐዘንም የሚሆን ያለኝ ጥቁር ቀሚስ አንድ ነው፣ እሱን ለብሻለሁ። ሚስተር ዛልማን ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ዛሬ ቤትሽ ብትሆኚ ማንም አይቀየምሽም» አለኝ።

«ቤት የለውም አላልከኝም?»

ትንሽ አየኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ አሳለፈኝ።

ልንጀምር ስንል የጎኑ በር ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ሽቶ የተቀቡ፣ ፕሮግራም ያጠፉ ፈረንጆች ተቀምጠዋል፤ በመሀላቸው እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው አፓርታማው በሙሉ፣ ከሁሉም ኋላ ጋሼ ይልማ በፓርኪንግ ዩኒፎርማቸው። ፊት ለፊት ባዶ ከነበሩት ወንበሮች ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ጋሼ ይልማ በኋላ እንደነገሩኝ እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት ተነስተው «ለቅሶ የሚደረሰው ሐዘንተኛዋ ካለችበት ነው» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ የምግብ ቤቱን ቫን አስነሱ። እኔ ያኔ ይሄን አላውቅም፤ ጎትተው ሊወስዱኝ የመጡ መስሎኝ ቫዮሊኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ተጫወትን። ትልቁ ጩኸት መጣ፣ እጄ ከትከሻዬ እስኪነቀል ሳብኩት፣ ተበጠሰ። የተጻፈው ዝምታ ገባ። መቁጠር ስጀምር በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተነሳ።

«ብርሃኑን!»

እትዬ ጥሩነሽ ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸው አናታቸው ላይ። «ልጄን! ኧረ ልጄን! ብርሃኑዬን!» ያን ሁሉ ዓመት «ይመጣል» ሲሉ የኖሩ ሴት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ፈረንጆቹ ዞሩ፣ አንዱ አስተናጋጅ በመተላለፊያው እየሮጠ መጣ። ጋሼ ይልማ ተነስተው መሀል መንገድ ላይ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ መኪና እንደሚያስቆሙት ነው ያስቆሙት። «ኖ» አሉት፣ «ሺ ኢዝ ኦኬ።» ሚስተር ዛልማን ወደ ኋላ አልዞረም። በትሩ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዝምታ አልፎ ሌላ ብዙ ዝምታ ጠበቀ፣ እትዬ ጥሩነሽ ለቅሷቸው ወጥቶላቸው እስኪቀመጡ። ከዚያ ያችን ቀጭን ድምፅ እንድናነሳ ምልክት ሰጠን። ለእንድሪስ ነው የተጫወትኩት፤ ለብርሃኑም፤ ማን ማን እንደነበሩ ለማላውቃቸው ለሚስተር ዛልማን ዘመዶችም።

ሲያልቅ ከፈረንጆቹ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ካፖርቱን አነሳ። የእኛዎቹ አላጨበጨቡም፤ ለቅሶ ላይ አይጨበጨብም። በማግስቱ ምግብ ቤቱ ተዘጋ፣ እትዬ ጥሩነሽ ለልጃቸው ለቅሶ ተቀመጡ፣ እኛም ደረስን። እኔ ነኝ ያጎረስኳቸው። እዚያ ያልነበሩት ግን «ሀዋ በወንድሟ ለቅሶ ቫዮሊን መታች» የሚለውን ብቻ ይዘው ከቤት ቤት፣ በኋላም ከዚህ እስከ ሩቁ ሃውቶርን ሰፈር ድረስ አዞሩት። ለብዙ ጊዜ ሠርግ የሚጠራኝ ጠፋ። ይጥፋ! ትዝታውን ለሚወዱት ተውኩላቸው።

ወደ ጋሼ ይልማ ለቅሶ ልመልሳችሁ። ለሴቶቹ መልሴን ሰጥቼ ፊቴን ሳዞር እትዬ ጥሩነሽ ከጎኔ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እጅግ አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል። ክንዴን ጎተቱኝ።

«ምን አሉ?»

«ቫዮሊን የመታችው እሷ ናት አሉ፣ እትዬ።»

«የጮህኩትን እኔን ሳያነሱ?» ተቀየሙ። ወደ ሴቶቹ ዞረው በዚያ ጆሮው በከበደ ሰው ድምፅ «እኔ ነኝ የጮህኩት!» አሏቸው። አዳራሹ ሁሉ ዞረ፣ እኔም ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ጋሼ ይልማ ቢኖሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ሰውን ሁሉ ያስቆሙልን ነበር።

ከዚያ እጄን ያዙና «ሀዋ» አሉኝ፣ ዝግ ብለው። «ያ ሙዚቃ ግን መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«መጨረሻ የለውም፣ እትዬ። ይቆማል እንጂ አያልቅም።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን፣ ዛሬም የሚመጣ ሰው እንዳለ፣ በሩ ላይ ነበር።